ከፎቶው ሥር የተጻፈው

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው «ደረጃ መውጣት እየከበደኝ መጥቷል» ካልሽኝ ወዲህ እኔ የሙዚየሙን ደረጃ በወጣሁ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። የባለቤትሽ የደም ግፊት ረገብ አለለት? ትልቋ ልጅሽ የሥራ ተራዋ ተቀየረላት ወይስ አሁንም ሰው ሲነሳ ነው የምትተኛው? ትንሿስ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? ያ የምትጠይው ከላይ ፎቅ ያለው ሰውዬ ሳይቀር ሁሉም ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ። ያን የሚያሰቃየኝን ጥርስ ካስነቀልኩ ወዲህ እንቅልፌ ተመልሷል። ናፍቆቱ ግን ሐኪም የሚነቅለው ዓይነት ስላልሆነ እንዳለ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ስንባባል ጊዜው ያልቃል፤ ትንሽ ዝም ካልኩ ደግሞ «ተቋረጠ እንዴ?» ትያለሽ። አሁን የምነግርሽ ነገር በመሃሉ ዝም የሚያሰኝ ነው፤ ቅር የሚያሰኝሽም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ። ፖስታው ውስጥ አንድ ፎቶ አለ። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ አትመልከቺው ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። ይሁን፤ አይተሽው ተመለሺ።

ሥራዬን ስትጠይቂኝ «ቀላል ነው» እያልኩ ነበር የማልፈው። ቀላልስ ቀላል ነው። እማዬ ትሠራበት የነበረው የድሮው ስልክ ቤት አሁን የከተማው የታሪክ ሙዚየም ሆኗል ብዬሽ የለ? ምድር ቤቱ የቆዩ ዕቃዎች ናቸው፤ የፀጉር አስተካካይ ወንበር፣ የከሰል ካውያ፣ የትምህርት ቤት ደወል፣ ከተማው መጀመሪያ የገዛው የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ። ፎቁ ላይ ደግሞ የስልክ ማገናኛው ክፍል እንደነበረ ተቀምጧል። ያ በቀዳዳና በገመድ የተሞላው የእንጨት ሰሌዳ፣ ሴቶቹ የሚቀመጡባቸው ረጃጅም ወንበሮች፣ ጭንቅላት ላይ የሚጠለቀው ማዳመጫ፣ ሁሉም አለ። እኔ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሰው ሲገባ በእጄ የያዝኳትን መቁጠሪያ ቀጭ አደርጋለሁ። «በእጅ አይነካም» እላለሁ። ሲወጡ «እናመሰግናለን» እላለሁ። የደንብ ልብሴ ከእኔ በፊት ለነበረው ወፍራም ሰውዬ የተሰፋ ስለሆነ ትከሻው እየወረደ ያስቸግረኛል፤ ሌላ ችግር የለውም።

ክፉው ጸጥታው ነው፣ እትዬ። ማክሰኞ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ያን ቀን ጆሮ አይተርፍም። በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ደግሞ ኃላፊያችን «የዕቃ ቅዳሜ» ብሎ የሰየመው ዝግጅት አለ፤ የከተማው ሰው ከቤቱ ያረጀ ነገር ይዞ ይመጣና ታሪኩን ይናገራል። አንድ ጊዜ አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር የመኪና መሪ ብቻ ይዞ መጣ። መኪናው የት ደረሰ ሲባል «እሱን እኔም እየፈለግኩት ነው» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀ። የቀረው ቀን ግን መቁጠሪያዬ ከአራትና ከአምስት አያልፍም፤ እሱም ዝናብ ሲጥል ሊጠለል የገባውን ጨምሬ ነው። ለጥበቃው «ደህና አደርክ» ካልኩ በኋላ ሌላ ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን አለ። አመሻሽ ላይ ዳቦ ልገዛ አፌን ስከፍት ድምፄ ተዘግቶ ባለሱቁ «ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» ይለኛል። ቤት ስገባ የእማዬ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ላነሳው አስባለሁ፣ ከዚያ ቦታው ባዶ ሲሆን ይታየኝና እተወዋለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከስምንት ወር በፊት ኃላፊው ስለ ስልክ ቤቱ ዐውደ ርእይ አዘጋጀ። ወጣት ነው፤ የሚያስደስተው ነገር ሲያገኝ እጁን እያፋተገ ይሮጣል። ከማዘጋጃ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የድሮ የፎቶ ፊልሞች አግኝቶ አሳጠባቸውና አንዱን ግድግዳ አሳክሎ አስተለቀው። አንዲት ወጣት ሴት ሰሌዳው ፊት ተቀምጣለች። የተነሳችው ከጎን ነው። ማዳመጫው ጆሮዋንና ግማሽ ጉንጯን ሸፍኖታል። በቀኝ እጇ ገመድ ይዛለች፤ በግራ እጇ አፏን ከልላለች፤ ዓይኗ ግን እየሳቀ ነው። ከሥሩ «ስሟ ያልታወቀ ኦፕሬተር» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

በመክፈቻው ዕለት ጠዋት ወለሉን ልወለውል ስገባ ፎቶው ተሰቅሎ አገኘሁት። እትዬ፣ ያቺን በር የተዘጋባትን፣ ወደ ውስጥ የታጠፈችውን የግራ እጇን ትንሽ ጣት ታስታውሻለሽ አይደል? ዘጠኝ ዓመት ሳስታምም ያጠብኳት፣ ጥፍሯን የቆረጥኩላት ጣት ናት። ፊቷን ብስት እንኳ ጣቷን አልስትም። መወልወያውን ይዤ ቆሜ «እማዬ» አልኩ፤ ያን ቀን መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል እሱ ነበር።

ስቀጠር እናቴ እዚህ ትሠራ ነበር ብዬ አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። እማዬን በወጣትነቷ የሚያውቃት ሰው ወይ ሞቷል ወይ ከተማውን ለቋል ብዬ አስብ ነበር። ስለዚህ እንግዶቹ ሲሄዱ ለኃላፊው እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ጸጉሬን አበጥሬ፣ ያን የደንብ ልብሴን ትከሻ በመርፌ ቁልፍ ይዤ፣ በሩ ላይ ቆምኩ።

እንግዶቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በመናኸሪያው በኩል ባለው ደረጃ ሥር፣ ሰው ሁለት ከሆነ የማይበቃ ሱቅ ያላቸው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ፎቶው ፊት ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን «ይቺ እኮ ባለቤቴ ናት» አሉ። ሰው ዞር አለ። ኃላፊው እየሮጠ መጣ። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው እዚህ ስልክ ቤት ይሠሩ ነበር፤ ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ የነበሯቸው ፎቶዎች በሙሉ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆኑባቸው፤ አንዱንም መላጥ አልተቻለም። «ከዚያ ወዲህ ዛሬ ገና አየኋት» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ኃላፊው በማግስቱ ወረቀቱን ቀየረው፤ «ባለቤቴ ናት። መጀመሪያ የወደድኩት ድምጿን ነው» የሚለውን የእሳቸውን ቃል ጻፈበት። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሁሉንም አየሁ። ሲወጡ «እናመሰግናለን» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ በየረቡዑ ይመጡ ጀመር። ረቡዕ ከሰዓት ሱቃቸው ዝግ ነው። ደረጃውን ሦስት ጊዜ እያረፉ ነው የሚወጡት፤ እኔ ከላይ ሆኜ በትንፋሻቸው እለያቸዋለሁ። ፎቶው ፊት ወንበር አደረግኩላቸው። ሁለት ብርቱካን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ የእኔ ነው። ሙዚየም ውስጥ መብላት ክልክል ነው፤ ከልካይዋ እኔው ስለሆንኩ ግን አንጣላም። የግድግዳውን ሰዓት ቆሞ አግኝተውት ያለ ዋጋ ሠሩልን።

ያወሩኝ ነበር። ወጣት ሳሉ በየጠዋቱ፣ ለሁለት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ስልክ ቤት ደውለው ትክክለኛውን ሰዓት ይጠይቃሉ። የሱቁን ሰዓቶች ሁሉ የሚያስተካክሉት በዚያ ነው። አንዲት ድምፅ ትመልስላቸዋለች። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሆነ። «በኋላማ ሰዓቱን እኔው አውቀው ነበር፤ ግን እጠይቃለሁ» ይላሉ። እሷም እንደሚያውቁት ታውቃለች፤ ግን ትመልሳለች። ሲጋቡ እሷ «ከእንግዲህ ሰዓት የሚጠይቀኝ የለም ማለት ነው?» ብላ ነበር አሉ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ጠዋት ጠዋት ሲነሱ «ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቋት ነበር። ይህን ሁሉ የእማዬን ፎቶ እያዩ ነው የሚነግሩኝ። እኔም ብርቱካኔን እየላጥኩ እሰማለሁ።

ለምን ዝም አልሽ ብትይኝ አንጀቴን በልተውኝ ነው እላለሁ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ረቡዕ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ረቡዕን እየጠበቅኩ ያልፉልኛል፤ ሐሙስና ዓርብ ረቡዕ የሰማሁትን እያሰብኩ። እውነቱን ብነግራቸው አይመጡም። እማዬን ለአንድ ሽማግሌ አበድሬ የሚያናግረኝ ሰው አገኘሁበት፤ በሌላ ቃል ላሳምረው አልችልም።

አንቺንም በድያለሁ። ከለቅሶው በኋላ «የእማዬ የወጣትነት ፎቶ ካለ ላኪልኝ» ብለሽኝ «የለም» ብዬሽ ነበር። ያኔ እውነቴን ነው፤ አልነበረም። ስምንት ወር ሙሉ ግን ግድግዳ የሚያክል ፎቶዋ ፊቴ ተሰቅሎ፣ አንቺ በየሳምንቱ ስትደውይ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ስትይኝ «ምንም» እያልኩ ኖርኩ። ልደብቅሽ አልፈልግም፤ ያልቀበራት ሰው ፎቶዋን ምን ያደርግለታል የምትል ክፉ ሐሳብ ልቤ ውስጥ ነበረች። የመኖሪያ ወረቀትሽ ተጓትቶ ለቀብሯ መምጣት እንዳልቻልሽ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። ሐሳቧ ግን ማወቄን አልሰማ ብላ ተቀምጣ ነበር። ጽፌልሽ እንድትወጣልኝ ነው።

ባለፈው ወር ኃላፊው «የኦፕሬተሮች ቀን» ልናዘጋጅ ነው ብሎ መጣ። በሕይወት ያሉትን የድሮ ኦፕሬተሮች አፈላልጎ ስድስት ሴቶች አገኘ። ዝግጅቱ ቅዳሜ ሊሆን ሰኞ ዕለት የሁሉም አለቃ የነበሩት አሮጊት ክፍሉን አስቀድመው ሊያዩ በምርኩዝ መጡ። ዕድሜያቸው ሰማንያ አምስት አልፏል፤ ድምፃቸው ግን አሁንም መስመር ይቆርጣል። ፎቶው ፊት ቆመው ወረቀቱን አነበቡና «ይኼን ማነው የጻፈው? ይቺ እኮ ፈንድሻ ናት!» አሉ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ግንባሬን አተኩረው አዩት። «አንቺ የፈንድሻ ልጅ ነሽ» አሉ።

እጃቸውን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳቸውና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቅዳሜ ምንም እንዳይሉም ለመንኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉት። «የእሱን ሚስት አሳምሬ አውቃታለሁ፤ አጠገቧ ነበር የምትቀመጠው። ሁለቱንም ሴቶች እወዳቸው ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ አንዷን ሌላዋ ናት አልልም። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ» አሉኝ።

ረቡዕ ልነግራቸው ቆርጬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ገና ደረጃው ላይ ሆነው ማውራት ጀመሩ። ለቅዳሜ ኮታቸውን ንጽሕና ቤት ሰጥተዋል፤ ጸጉራቸውን ተስተካክለዋል፤ «ጓደኞቿን ላገኛቸው ነው እኮ፤ ንግግር አድርግ ቢሉኝ ልናገር ወይስ ይቅርብኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «ይናገሩ» አልኩ። የእኔን ነገር ሳላነሳ ብርቱካኔን ላጥኩ።

ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ሱቃቸው ሄድኩ። ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፤ ሁሉም የተለያየ ነገር ይላሉ። በዓይናቸው ላይ ያቺን አጉሊ መነጽር ሰክተው፣ በወረንጦ አንዲት የሰዓት ጥርስ ይዘው ነበር። «ምነው ልጄ፣ ደህና?» አሉኝ። እንደቆምኩ «ፎቶው ላይ ያለችው ባለቤትዎ አይደሉም። እናቴ ናት» አልኳቸው።

ቀና አላሉም። ያቺን ጥርስ ቦታዋ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ነው መነጽሩን ከዓይናቸው ያወጡት። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አሉ። «ከመጀመሪያው ቀን» አልኩ። «ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ሳወራሽ?» አሉ። ቀጥለው «ለምን ልጄ?» ሲሉኝ «ረቡዕ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው» አልኳቸው።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን «አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ፊቷን ረስቼዋለሁ ማለት ነው» አሉ። ይህን ለእኔ አይደለም ያሉት። «ጣቷን ባላውቅ እኔም እሳሳት ነበር፤ ግማሽ ፊቷ እኮ ነው የሚታየው» አልኩ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አዩት። ከዚያ «በይ ሂጂ ልጄ፣ ደንበኛ ሊመጣ ነው» አሉኝ። ደንበኛ እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ወጣሁ።

ቅዳሜ አልመጡም። ከፊት ረድፍ ወንበራቸውን ይዤላቸው ነበር፤ ባዶውን ዋለ። ሰው ግን ሞልቷል፤ መቁጠሪያዬ ከመቶ ስታልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ስድስቱ ሴቶች ሰሌዳው ፊት ተቀመጡ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ገመዱን ሲይዙ ግን መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አለቃቸው «መስመር!» ሲሉ ሁሉም ባንዴ ቀጥ አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። በኋላ ወደ ፎቶው በምርኩዛቸው አመለከቱና «ይቺ ከሁላችን ቀልጣፋዋ ናት። ፈንድሻ ነበር የምንላት። ሳቋ አንዴ ከጀመረ እየፈነዳ አያባራም። መስመር ላይ መሳቅ ክልክል ስለነበር አፏን እንዲህ ትይዛለች። ልጇ እዚያ በሩ ጋ ቆማለች» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የማደርገው ቢጠፋኝ መቁጠሪያዬን ተጫንኩ።

እማዬ የከንቲባውን ሳል ታስመስል ነበር አሉ። ስልክ ይዞ ያንቀላፋ ነጋዴ ሲያንኮራፋ ሰምታ ሁሉንም መስመር አገናኝታ አሰምታቸዋለች አሉ። በዚህ ምክንያት የሦስት ቀን ደመወዝ ተቀጥታ በሦስቱም ቀን እየሳቀች ሠራች አሉ። እትዬ፣ የእኛን እማዬ? «ጥርስሽን ሰብስቢ» የምትለኝን እማዬ? ሰዉ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም። ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣብኝ፤ ሲመጣ ደግሞ ለቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

ኃላፊው ሲመሽ ባዶ ወረቀት አምጥቶ «ከፎቶው ሥር ምን ልጻፍ?» አለኝ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። እጄ «እናቴ ናት» ልትል ጀምራ ነበር፤ ቆም አልኩና «እናታችን ናት» ብዬ ጻፍኩ። የእኔና የማን ናት ብሎ የጠየቀኝ የለም። ለአንቺ ግን መንገር ነበረብኝ።

ቀጣዩ ረቡዕ ሰዓት ሠሪው አልመጡም። ከዚያ የሚቀጥለውም አለፈ። ወንበራቸውን ሳላነሳ ተውኩት። አንዲት ጎብኚ ሴትዮ ልትቀመጥበት ስትል «ተሰብሯል» አልኳት፤ ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሱቃቸው ልሄድ ተነሳሁና ደረጃው ድረስ ወርጄ ተመለስኩ፤ በምን ፊቴ?

ሦስተኛው ረቡዕ፣ ትላንት ማለት ነው፣ ያ ትንፋሽ ከደረጃው ተሰማኝ። አንድ ጊዜ አረፈ፣ ሁለት ጊዜ አረፈ። በሩ ላይ ሲደርሱ ብርቱካን አልያዙም። አልተቀመጡም። ፎቶውን ከሩቁ አዩት፤ ከዚያ ወረቀቱን አነበቡት። እኔ ዝም ማለት ስለፈራሁ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ። ኦፕሬተሮቹ እንደሚያስታውሷቸው፣ «ያ የሰዓቱ ሰውዬ» ሲሉ ስድስቱም እንደሳቁ፣ ለሁለት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ባለቤታቸው የሁሉንም እጅ ከመስመራቸው ላይ እየገፋች «ይቺን ለእኔ ተዉልኝ» ትል እንደነበረ ነገርኳቸው። ፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ከእማዬ ጎን፣ ከክርን እስከ አንጓ ብቻ የሚታይ አንድ ክንድ አለ፤ አለቃቸው «የሰዓት ሠሪው ሚስት ክንድ ነው» አሉ፤ ከስድስቱ አንዷ ደግሞ «የለም፣ የእኔ ነው» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ አሳየች፤ ሁለቱ እስኪሄዱ ሲከራከሩ እንደነበር ነገርኳቸው።

ጠጋ ብለው ክንዱን አዩት። «ይሆናል» አሉ። ቀጥለው «ላይሆንም ይችላል። እኔ በዓይኔ መማል ትቻለሁ፤ ሴትየዋ ትውሰደው» አሉና ፈገግ አሉ። ስለ መስመሩ የነገርኳቸውን ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ትገፋቸው ነበር አሉ?» «አዎ፣ ትገፋቸው ነበር።»

ከዚያ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «በይ አሁን ተራው የአንቺ ነው። እኔ ስምንት ወር ለፈለፍኩ። እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አሉኝ።

ጀመርኩ። ጨው የበዛበት ሾርባ እንደማትወድ፣ ክኒኑን በየስንት ሰዓቱ እንደምትወስድ፣ መስኮቱ በኩል ተጋድማ የመንገዱን ድምፅ ስትሰማ እንደምትውል፣ ስገለብጣት «ይቅርታ ልጄ» እንደምትለኝ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «ከዚያ በፊትስ?» አሉ። ስልክ ቤቱ ሲዘጋ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ያለችው ቀጭን፣ ኮስታራ፣ የሰው ልብስ እየሰፋች ያሳደገችኝ ሴት ናት። ያቺን የምትስቀዋን አላውቃትም። እሳቸው የሚስታቸውን ፊት ረሱ፤ እኔ የእናቴን ሳቅ ጭራሽ አልሰማሁትም።

አንቺ ግን ያኔ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ እትዬ። አንቺ ሰምተሻታል። ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ምን ትል ነበር? ሳቋ እውነት አያባራም ነበር? መቼ ነው የተወችው? አባባ ሲሞት ነው ወይስ ስልክ ቤቱ ሲዘጋ ወይስ አንቺ ስትሄጂ? የምታስታውሺውን ሁሉ፣ ትንሽ ነው ብለሽ ሳትንቂ፣ በወረቀት ጻፊልኝ። እኔም ዘጠኙን ዓመት እጽፍልሻለሁ። ስትጠይቂኝ «ደህና ነበረች» እያልኩ ዘግቼብሽ ነበር፤ ተናድጄብሽ ስለነበር ነው። አሁን የመጨረሻዋን ሳምንት ሳይቀር እነግርሻለሁ። ዐውደ ርእዩ በሁለት ወር ውስጥ ይዘጋል፤ ትልቁ ፎቶ ተጠቅልሎ መጋዘን ይገባል፤ ሰሌዳው ብቻ ነው የሚቀረው። ይህቺን ትንሿን ቅጂ ኃላፊው ለአንቺ ብሎ አሳጥቦልኛል። ለእኔም ሌላ ሊያሳጥብልኝ ፈልጎ ነበር፤ የእኔ ይቆይ፣ መጀመሪያ ለእህቴ ይድረሳት አልኩት።

ለባለቤትሽ ጤናውን እንዲጠብቅ፣ ያን መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ ንገሪልኝ፤ ሰላምታዬ ይድረሰው። ትልቋን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፤ ከሥራ ስትገባ ከሆነ ግን ሳትቀሰቅሺ ግንባሯን ብቻ። ትንሿን «አክስትሽ ፈተናው ምንም ቢሆን ትወድሻለች ብላለች» በያት። ፎቶውን ስታዪ ልጆቹን አብረሽ ጥሪያቸው፤ ይቺ አያታችሁ ናት፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ ሳቅ ይዟታል በያቸው። የአማትሽን ጉልበት ስሜያለሁ። ላንቺ ያለኝን ሰላምታ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ በወረቀት አይበቃም።

ጎረቤታችን፣ ጥበቃው፣ ዳቦ ቤቱም ሰላም ብለውሻል። ሰዓት ሠሪው ሲወጡ «ሳምንት ስለ እናትሽ ትቀጥያለሽ» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ምን እንደምነግራቸው ገና አላውቅም።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከሙዚየሙ ፎቅ፣ ከበሩ አጠገብ
ሐሙስ፣ ሰኔ 5 ቀን